«እሺም እምቢም ለማለት የምቸኩል ሴት ነኝ»

ውድ አማካሪ፣

እንደምን ሰነበቱ? የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የአንዲት የ9 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ከሦስት ሳምንት በፊት በሥራ ቦታ በተደረገ አጠቃላይ ምርመራ ስኳሬ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ድጋሚ ስመረመር በባዶ ሆድ 114፣ የሦስት ወር አማካይ ስኳርን የሚያሳየው የደም ምርመራ (የሦስት ወሩ ምርመራ) ደግሞ 6.1 ሆነ። ሐኪሟ «ገና የስኳር በሽተኛ አይደለሽም፣ ግን ደጁ ላይ ደርሰሻል» አለችኝ። ሁለት አማራጭ ሰጠችኝ። አንዱ አመጋገቤንና እንቅስቃሴዬን አስተካክዬ ከሦስት ወር በኋላ መመለስ ነው። ሌላው ከዚያ ጋር ሜትፎርሚን የሚባል ክኒን መጀመር ነው። «አስቢበትና እንነጋገራለን» ብላ ሳትጨርስ «እኔ መድኃኒት አልጀምርም!» ብዬ ተነስቼ ወጣሁ። እናቴ በስኳር ስትሰቃይ እያየሁ ነው ያደግሁት። በመጨረሻ የእግሯን ጣት ቆርጠውባታል። ክኒን የጀመረ ሰው መጨረሻው መርፌ ነው ብዬ ነው የማምነው።

የዚያን ዕለት ማታ ስልኬን ስነካካ «ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል» የሚል ዱቄት አየሁና ወዲያው አዘዝኩ። በማግስቱ የአንድ ዓመት የጂም ክፍያ ከፈልኩ። ዳቦ፣ ሩዝ፣ ስኳር የሚባል ነገር ሁሉ ከቤት አወጣሁ። ቁርስና ምሳ ተውኩ። 82 ኪሎ ነኝ፣ በአንድ ወር 10 ኪሎ እቀንሳለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። አምስት ቀን ቆየሁ። በስድስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ ፍሪጁን ከፈትኩና እዚያው ቆሜ ያገኘሁትን ሁሉ በላሁ። ለልጄ ልደት ከተገዛው ኬክ የተረፈውንም ጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይደጋገማል። ሰው ሳያየኝ ነው የምበላው። ጂም የሄድኩት ሁለቴ ብቻ ነው። ዱቄቱ መጥቷል፣ ገና አልከፈትኩትም።

እኔ ድሮም እንዲህ ነኝ። አንዱን ሥራዬን የለቀቅሁት ስብሰባ ላይ ተናድጄ ነው። የማልለብሰውን ልብስ እገዛለሁ። የማልችለውን ነገር «እሺ» እላለሁ። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ሁልጊዜ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይለኛል። ስለ ስኳሩ እስካሁን አልነገርኩትም። ልጄን ሳረግዝም ስኳርሽ ትንሽ ከፍ ብሏል ብለውኝ ነበር፤ ከወለድኩ በኋላ ግን ተስተካከለ ተባለ። አሁን ደስ የሚለኝ ነገር ቢኖር ታናሽ እህቴ ከአራት ወር በኋላ የመጀመሪያ ልጇን መውለዷ ነው።

በቅርቡ ደግሞ በስሜት የሚወስኑ ሰዎች ለስኳር በሽታ ይበልጥ ይጋለጣሉ የሚል ነገር አነበብኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ታዲያ የሚገድለኝ ጠባዬ ነው ማለት ነው? 41 ዓመት ያልተቀየረ ሰው በሦስት ወር ይቀየራል? መድኃኒቱንስ ልጀምር ወይስ በቃሌ ልጽና?

እሺም እምቢም ለማለት የምቸኩለው

---

ውድ እህቴ፣

እንቅልፍ ከነሳሽ ጥያቄ ልጀምር። አይ፣ ጠባይሽ አይገድልሽም። በእጅሽ ያለው ወረቀትም የፍርድ ወረቀት አይደለም። የሦስት ወሩ ምርመራ 5.7 እስከ 6.4 ሲሆን ቅድመ ስኳር ይባላል። በባዶ ሆድ ደግሞ ከ100 እስከ 125። አንቺ በሁለቱም መሐል ላይ ነሽ። እዚህ ቁጥር ላይ ሆነው የስኳር በሽታ ሳይዛቸው የሚኖሩ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ ወደ ጤናማው ቁጥር የሚመለሱም አሉ። እናትሽ ነገሩን ያወቁት ምን ያህል ዘግይተው እንደሆነ አላውቅም። አንቺ ግን ገና ሳይመሽ አውቀሻል።

ያነበብሽው ነገር መሠረት አለው። ግን እስከ መጨረሻው ስላልተነገረሽ ነው ያስደነገጠሽ። ተመራማሪዎች ሰዎችን እንዲህ ብለው ይጠይቃሉ። ዛሬ ትንሽ ገንዘብ ይሻልሻል ወይስ ከወር በኋላ ጠቀም ያለ? መጠኑንና ጊዜውን እየቀያየሩ ደጋግመው ይጠይቃሉ። አንዳንዱ ሰው ጥቂት መጠበቅ ካለበት የነገው ነገር በዓይኑ ቶሎ ይረክስበታል፣ የዛሬውን ይወስዳል። ሌላው ይታገሣል። ታዲያ የዛሬውን ቶሎ የሚያነሱ ሰዎች በአማካይ ስኳራቸውን መቆጣጠር ይበልጥ ይከብዳቸዋል፣ እንቅስቃሴና መድኃኒትም ያቋርጣሉ። በብዙ ጥናት የታየ ነው።

ለምን ስኳር ላይ እንዲህ ጎልቶ እንደሚታይ መገመት አይከብድም። ስኳር ዛሬ አያምም። ኬኩ አሁን ይጣፍጣል፣ ጉዳቱ ግን ከስንት ዓመት በኋላ በዓይን፣ በኩላሊት፣ በእግር ነርቭ ላይ ነው የሚመጣው። ዛሬ በእግር መሄድ አሁን ያደክማል፣ ጥቅሙ ደግሞ ለዓይን አይታይም። የነገው ነገር ሩቅ ሆኖ ለሚታየው ሰው ከዚህ የከፋ ፈተና የለም።

ግን «በአማካይ» ያልኩሽን ልብ በይ። ስለ ብዙ ሰው የተነገረ ነገር አንቺ ላይ የተጻፈ ዕጣ አይደለም። ደግሞም ይህ ዝንባሌ እንደ ቁመት አንዴ ተለክቶ የሚቀር አይደለም። አንዱ ሰው ራሱ ጠዋትና ማታ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከስኮትላንዱ ዳንዲ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት አለ። ተመሳሳይ ሰዎችን አንዴ እንደወትሯቸው በልተው፣ አንዴ ተርበው ፈተኗቸው። ሲርባቸው ትንሽም ብትሆን አሁን የሚያገኙትን መረጡ። ይህ ምግብ ላይ ብቻ ቢሆን አይገርምም ነበር። ገንዘብ ላይም እንደዚያው ሆነ።

አሁን ያንቺን ስድስተኛ ቀን ተመልከቺው። ቁርስ የለም፣ ምሳ የለም፣ የሥራ ድካም አለ፣ ለማንም ያልተነገረ ፍርሃት አለ። እና ማታ ቤት ገባሽ። ፍሪጁን የከፈተችው አምስት ቀን በቅጡ ያልበላች ሴት ናት። በዚያ ሰዓት ከማንም ቆራጥነት መጠበቅ ይከብዳል። ቦርሳሽን እንኳ ከትከሻሽ አላወረድሽም። ይህችን ነገር ስለጻፍሽልኝ አመሰግንሻለሁ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

አንድ ነገር ልበልሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። አንቺ ችኮላዬ የምትዪው ኬኩን ነው። እኔ ደግሞ ችኮላውን ከኬኩ በፊት ነው ያየሁት። ተነስቶ መውጣቱ፣ የሌሊቱ ትዕዛዝ፣ የዓመት ክፍያው፣ የተጣለው ዳቦ፣ 10 ኪሎው፣ መሐላው። ሁሉም በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ተወስነዋል። ሁሉም የተወሰኑት ጭንቀቱ እንዲያልፍልሽ ነው። ሲወስኑት ቀለል ይላል አይደል? ያ ቅልል ማለት ራሱ ኬክ ነው። አሁን ይጣፍጣል፣ ዋጋው በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ለሦስት ወሩ ከዚህ የባሰ ጥብቅ ሕግ እንድታወጪ አልመክርሽም። የምፈልገው ውሳኔዎችሽ በትክክለኛው ሰዓት እንዲወሰኑ ነው። ጠግበሽ፣ አርፈሽ፣ ተረጋግተሽ እያለሽ። ሲርብሽና ስትፈሪ የምትወስኚው ነገር ባነሰ ቁጥር ይሻልሻል።

ከሁሉ በፊት የመድኃኒቱን ነገር እንየው።

እኔ ሐኪም አይደለሁምና ጀምሪ ወይም ተዪ አልልሽም። ግን በደብዳቤሽ መጨረሻ አካባቢ በአንድ መስመር ያለፍሽውን ነገር አንብቤ ቀጥ አልኩ። ልጅሽን ስታረግዢ ስኳርሽ ከፍ ብሎ ነበር። ይህንን ለሐኪሟ ነግረሻታል? ተነስተሽ ስለወጣሽ ያልነገርሻት ይመስለኛል። የእርግዝና ስኳር ከወሊድ በኋላ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል፣ ልክ ነው። ሆኖም የነበራት ሴት ካልነበራት ይልቅ በኋላ ዘመኗ በስኳር የመያዝ ዕድሏ ብዙ እጥፍ ነው። እናትሽም ነበረባቸው። እነዚህ ሁለቱ ሲደመሩ ሐኪሟ የምትመዝነው ሚዛን ይለወጣል።

እንዴት እንደሚለወጥ ላሳይሽ። በአሜሪካ ከ3,000 በላይ ቅድመ ስኳር ያለባቸው ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ነበር፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። አንዱ ቡድን ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ታገዘ። ሌላው ሜትፎርሚን ወሰደ። ሦስተኛው የማስመሰያ ክኒን ተሰጠው። ሦስት ዓመት ገደማ ሲከታተሏቸው፣ ከሦስተኛው ቡድን ጋር ሲወዳደር አኗኗራቸውን ያስተካከሉት ላይ በስኳር የመያዝ ነገር በ58 በመቶ ቀነሰ። ክኒኑን የወሰዱት ላይ በ31 በመቶ። እዚህ ድረስ ስታነቢ «ይኸው፣ እምቢ ማለቴ ልክ ነበር» ሳትዪ አልቀረሽም። ቆይ። ከተሳታፊዎቹ መካከል የእርግዝና ስኳር የነበረባቸውን ሴቶች ለብቻ ሲያዩዋቸው ሁለቱም መንገድ በእኩል ደረጃ፣ በግማሽ ያህል ነው አደጋውን የቀነሰው። ለእንዳንቺ ዓይነቷ ሴት ክኒኑ ሌሎችን ከጠቀመው በላይ ጠቅሟል ማለት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን የማስኬድ መብትም አለሽ፣ ሐኪሟም ያለችሽ ይህንኑ ነው።

ክኒን የጀመረ መጨረሻው መርፌ ነው የሚለው እምነትሽ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የእናትሽን እግር አይተሻል። ግን ሰውን ወደ ኢንሱሊን መርፌ የሚያደርሰው በሽታው ራሱ እየገፋ ሲሄድ፣ ቆሽትም ኢንሱሊን ማመንጨት ሲያቅተው ነው። ሜትፎርሚን ወደዚያ አይገፋም። ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል። ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው። መጀመሪያ ላይ ሆድ ሊያውክ ይችላል፣ ለዚህ ነው ከምግብ ጋር የሚወሰደው። ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ የቪታሚን ቢ12 መጠንን ሊቀንስ ይችላል። ከመጀመሩ በፊት የኩላሊት ምርመራ ይታያል። ክብደትና ቁጥር ሲስተካከል ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ የሚተውበት ጊዜም አለ።

ስለዚህ በቃሌ ልጽና ወይ ላልሽው፣ የዚያ ቀን «እምቢ» ያንቺ ቃል ነው ብዬ አላስብም። ፍርሃትሽ ነው የተናገረው። ሐኪሟ ጋ ደውለሽ እንዲህ በያት፦ «የዚያን ቀን ደንግጬ ነው የወጣሁት። ያልነገርኩሽ ነገር አለ። እንደገና ልምጣ።» እንዲህ ያለ ሰው ሐኪሞች በየቀኑ ያጋጥማቸዋል፣ ማንም አይታዘብሽም። ስትሄጂ የእናትሽንና የእርግዝናሽን ነገር በወረቀት ጽፈሽ ያዢ። ክኒኑን ብጀምር በምን ምልክት እናቆመዋለን? ሳልጀምር ሦስት ወር ብሞክር ምን ቁጥር ስናይ ሐሳባችንን እንቀይራለን? እነዚህን ጠይቂ። መልሱን ሰምተሽ እዚያው አትወስኚ። «አድሬ እነግርሻለሁ» በያት። ይህችን ቃል ለሥራም፣ ለገበያም፣ ለዘመድም ያዣት። የሚናደድብሽ ሰው አይኖርም፣ አንቺን ግን ከብዙ ጣጣ ታወጣሻለች።

ዱቄቱን አትክፈቺው። በተፈጥሮ መድኃኒትነት ስም ከሚሸጡ የስኳር ማውረጃዎች አንዳንዶቹ ውስጥ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ እውነተኛ መድኃኒት ተገኝቶ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አስጠንቅቋል። ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል ዱቄት ቢኖር ኖሮ ሐኪምሽ ቀድማ ትሰጥሽ ነበር። ይዘሽላት ሂጂና አሳያት።

አሁን ወደ ፍሪጁ ልመለስ። ይህን ስጽፍ በቀስታ ነው፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ሰው ሳያየኝ ነው የምበላው ብለሻል። ከበላሽ በኋላ ምን ይሰማሻል? በማግስቱስ ምግብ በመተው ትቀጪዋለሽ? እየበላሽ ማቆም ብትፈልጊም የማትችዪበት ጊዜ አለ? ከእነዚህ ጥያቄዎች ለአብዛኞቹ መልስሽ «አዎ» ከሆነ፣ ይኸም በሳምንት ቢያንስ አንዴ ለወራት የቀጠለ ከሆነ፣ ሕክምና ያለው የአመጋገብ ችግር ሊሆን ይችላል። ነውር አይደለም፣ ስንፍናም አይደለም። ይህንንም ለሐኪሟ ንገሪያት። በጣም ጥብቅ ጾመኛ መሆን ይህን ዓይነቱን አበላል ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። በረሃብ የተጀመረ ክልከላ ማታ ላይ በእጥፍ ተበልቶ ያልቃል። ከዚያ ጸጸት፣ ከጸጸቱ ሌላ መሐላ፣ ከመሐላው ሌላ ረሃብ። አዙሪቱን መስበር የሚቻለው በጣም ቀላል በሚመስል ነገር ነው። በመብላት።

ከነገ ጀምሮ ቁርስ ብዪ። ምሳ ብዪ። ዳቦውንም ሩዙንም ወደ ቤት መልሺ፣ መጠኑን ቀንሺና አብሮት ጥራጥሬ ወይም እንቁላል፣ ብዙ አትክልት ይኑር። አትክልቱንና ፕሮቲኑን አስቀድሞ፣ ዳቦና ሩዙን ከኋላ መብላት ከምግብ በኋላ ስኳር ከፍ የሚልበትን ልክ ይቀንሰዋል። ምግቡ ያው ነው፣ ተራው ብቻ ነው የተቀየረው። ለስላሳና ጭማቂ ግን ብትተዪ ደስ ይለኛል። ሳያጠግቡ ስኳሩን በአንዴ ወደ ደም ይለቁታል።

ከዚያ ከሥራ ከመውጣትሽ በፊት፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ የሆነ ነገር ቅመሺ። አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ፣ ወይም እርጎ፣ ወይም የተቀቀለ እንቁላል። ጠዋት አዘጋጅተሽ ይዘሽው ውጪ። አሥር ሰዓት ላይ ምን ልብላ ብለሽ ማሰብ ከጀመርሽ ብስኩቱ ያሸንፋል። ጠዋት ጠግበሽ የወሰንሽው ውሳኔ ነው ማታ ላይ የሚያድንሽ።

ቤት ስትደርሺስ? ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር ለዓመታት ያጠናው አንድ ዘዴ አለ። ሰው «ዛሬ እጠነቀቃለሁ» ከሚል ይልቅ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ ሲወስን ያሰበውን የመፈጸም ዕድሉ ይጨምራል። ምክንያቱም በዚያ ቅጽበት እንደገና መወሰን አይጠበቅበትም። ያንቺው ይህ ይሁን፦ «በሩን ስከፍት ቦርሳዬን አስቀምጣለሁ፣ ጫማዬን አወልቃለሁ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ ተቀምጬ እጠጣለሁ።» ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ከራበሽ ብዪ፣ ኬክም ቢሆን። ግን ሳህን ላይ አድርገሽ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ። ፍሪጁን አትክፈቺ አልልሽም፤ ቦርሳ ተሸክመሽ አትብዪ ነው የምልሽ። ከቦርሳው እስከ ውኃው ድረስ ያለው ጥቂት ደቂቃ ሩጫው የሚበርድበት ነው። ወረቀት ላይ ጽፈሽ በሩ አጠገብ ለመለጠፍም አትፈሪ።

ስለ እህትሽ የጻፍሽው መስመር ደግሞ ደስ አለኝ። እንዲያው በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሐል ሩቅ ያለ ጥሩ ነገር አይተሻል። በአሜሪካ ቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ሊዮናርድ ኤፕስታይንና ባልደረቦቹ ቅድመ ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ጭምር ያጠኑት ነገር ይህን ይመስላል። ሰው ወደፊት የሚመጣ አንድ አስደሳች ቀን በዝርዝር አስቦ፣ ያንን ምስል በፈተና ሰዓት ሲያስታውስ፣ «አሁን ካልሆነ» የሚለው ጥድፊያ ይቀንሳል። «ጤነኛ እሆናለሁ» ብሎ ማሰብ ብዙ አይሠራም፣ ደብዛዛ ነው። ዝርዝር ያስፈልጋል። ስለዚህ ቁጭ በይና ጻፊው። እህትሽ ከወለደች በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ጠዋት። የት ክፍል ነሽ? ምን ለብሰሻል? ሕፃኑን ስትታቀፊው እህትሽ ምን ትላለች? ልጅሽስ ከየት በኩል ቆማ ታያለች? ጥቂት መስመር ይበቃል። በድምፅሽ ስልክሽ ላይ ቅጂውና ከሥራ ስትወጪ ስሚው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህ ብቻውን ስኳር አያወርድም። ለቁርሱና ለእግር ጉዞው ግን ልብ ይሰጥሻል።

የእግር ጉዞ ስል፣ ጂሙን ለጊዜው እርሺው። ገንዘቡ ሄዷል፣ በጸጸት አትሂጂ። ስትወጂ ሂጂ። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን 30 ደቂቃ ነው፣ ከፋፍለሽም ይሆናል። በተለይ ከእራት በኋላ ትንሽ መራመድ ጥሩ ነው። የሚሠራ ጡንቻ ብዙ ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ስኳሩን ከደም ይወስዳል። ልጅሽ አብራሽ ብትወጣ ጊዜው ሳይታወቅሽ ያልፋል። 10 ኪሎውን ደግሞ ተዪው። ከ82 ኪሎ 7 በመቶው ወደ 6 ኪሎ ነው። እሱም በአንድ ወር አይደለም፣ በጥናቱ ውስጥ እንኳ ወራት ነው የተሰጣቸው። እንቅልፍሽንም አደራ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ኢንሱሊኑ በደንብ አይሠራለትም፣ ረሃቡም ይጨምራል።

ለባለቤትሽ ንገሪው። ደብቀሽ የያዝሽው ነገር ነው ፍሪጁ ፊት የሚያቆምሽ ብዬ እፈራለሁ። ምክር ሳይጠየቅ እንዳይሰጥሽ ከፈራሽ አስቀድመሽ በይው፦ «አንድ ነገር ልነግርህ ነው። መፍትሔ አትስጠኝ፣ መጀመሪያ ስማኝ።» ከዚያ ወረቀቱን አሳዪው። ተረቱ እንደሚያምሽም ንገሪው። ለእሱ ቀልድ ነው፣ አንቺ ግን ያንን ሰምተሽ ሰምተሽ «እኔ እንዲህ ነኝ» እስከ ማለት ደርሰሻል። በምትኩ አንድ የሚሠራው ነገር ስጪው። ከእራት በኋላ አብሮሽ ይውጣ፣ ወይም ሐኪም ቤት አብሮሽ ይሂድ። ሐኪሟ የምትለውን ከጎንሽ ሆኖ የሚጽፍ ሰው ሲኖር ተነስቶ መውጣትም ይከብዳል።

ስለ ጠባይ የጠየቅሽውን ሳልመልስ አልቀርም። ከልጅነትሽ ጀምሮ በሁሉም ነገር እንዲህ ከነበርሽ፣ ማለትም በትምህርት ቤት፣ በገንዘብ፣ በንግግር፣ ነገር ጀምሮ አለመጨረስም ካለ፣ ከአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር አንዴ መነጋገር ጥሩ ነው። ትኩረት ማጣትና ችኮላ አብረው የሚታዩበት ችግር ብዙ አዋቂዎች ሳያውቁት የሚኖሩበት ነው፣ ሕክምናም አለው። አንቺ ላይ አለ አላልኩም። በደብዳቤ ማወቅም አይቻልም። ካልሆነም አንቺን እንደ አዲስ መፍጠር አያስፈልግም። ቶሎ «እሺ» የሚል ሰው ቶሎም ይወዳል፣ ቶሎም ይረዳል፣ ቶሎም ይጽፋል። ለእኔ የጻፍሽው በአንዲት ማታ ይሆናል፣ ጥሩ አድርገሻል።

የሚቀጥለው ምርመራ ከሦስት ወር በኋላ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። የሦስት ወሩ ምርመራ ቁጥር ስኳር ቀይ የደም ሕዋሳት ላይ ምን ያህል እንደተጣበቀ የሚለካ ነው፣ ሕዋሳቱ ደግሞ ወደ አራት ወር ይኖራሉ። ስለዚህ አንድ መጥፎ ማታ ቁጥሩን አያበላሸውም፣ አንድ የጾም ሳምንትም አያስተካክለውም። ከዚያ በፊት ግን የማያቋርጥ ውኃ ጥም ከያዘሽ፣ ሌሊት ሽንት ደጋግሞ ካስነሳሽ፣ ያለ ምክንያት ከከሳሽ ወይም ዓይንሽ ከደበዘዘብሽ ሦስት ወር አትጠብቂ፣ ወዲያው ተመርመሪ።

ሐኪሟ ጋ ነገ ጠዋት ደውዪ። ቁርስ በልተሽ።